የመታወቂያ ካርድ በምታክለው ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ እንዴት ይጫናል?

ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት የሚሠሩ አንድ ሰው አሉ። ሰፈሩ ሁሉ «አያ» ነው የሚላቸው። የድሮው ዴስክቶፓቸው ሲሞት አረብ አገር ያለችው ልጃቸው አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ላከችላቸው። አያ ካርቶኑን ከፍተው አዩዋት። ገልበጥ አደረጓት። «ልጄ፣ ይቺ ናት ኮምፒውተር?» አሉኝ።

«አብሽሩ አያ፣ ይቺው ናት» አልኩ። አፌን ሞልቼ።

ሥራ ላይ እስክትውል ሦስት ቀን ፈጀችብኝ። ሊኑክሱን (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ሲስተም ነው) መጫኑ ራሱ የወሰደው ቡና ተፈልቶ ቶናው እስኪደርስ ነው፤ በረካውን እንኳ አልጠበቀም። የቀረው ጊዜ ያለቀው በተሳሳተ ፋይል፣ በፎርጅድ ሚሞሪና በማይመጥን ቻርጀር ነው። ስለዚህ እነሱ ላይ ቆየት እላለሁ፤ ክሊክ ክሊኩን ቶሎ አልፈዋለሁ።

መጀመሪያ፦ አርም ምን ማለት ነው?

ሰሌዳዋ ራስበሪ ፓይ 5 ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣች ናት። ፕሮሰሰሯ አርም የሚባለው ዓይነት ነው፤ አራት ኮር አለው፣ ፍጥነቱ 2.4 ጊጋኸርዝ ነው። ቤታችሁ ያለው ላፕቶፕ ምናልባት ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ይሆናል። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ግን አርም ነው። ሁለቱ የሚሰሙት ቋንቋ ለየቅል ነው። ለኢንቴል የተዘጋጀ ሊኑክስ አርም ላይ አይነሳም። ከደሴ መናኸሪያ የወልድያ መኪና ተሳፍሮ «ኮምቦልቻ ስንደርስ አውርዱኝ» እንደማለት ነው።

እኔ ይህን እያወቅሁ ተሸወድኩ። የሌሊት ዳታ ፓኬጅ ገዝቼ፣ እንቅልፍ አጥቼ አድሬ፣ ከአምስት ጊጋባይት በላይ የሆነ፣ ኡቡንቱ የሚባል የሊኑክስ ዓይነት አወረድኩ። ጠዋት ስሙን ደግሜ ሳየው «ኤኤምዲ64» ይላል። እኔ የምፈልገው «ኤአርኤም64» ነበር። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፉ ሁለቱ ስሞች ዓይን ላይ አንድ ናቸው፣ በተለይ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

ስለዚህ ከማውረዳችሁ በፊት የፋይሉን ስም ፊደል በፊደል አንብቡ። «ኤአርኤም64» ወይም «አርች64» ካለ (ይሄኛው ከፊቱ ሁለት «ኤ» አለው) አንድ ነገር ናቸው፣ ለእናንተ ነው። «ኤኤምዲ64» ወይም «ኤክስ86» ካለ ለኢንቴል ነው፣ እለፉት። «አርምኤችኤፍ» የሚል ካያችሁ ባለ 32 ቢቱ የድሮው አርም ነው። ይነሳል፤ ግን ለፓይ 5 እሱን የምትመርጡበት ምክንያት የለም።

የትኛውን ሊኑክስ? ኡቡንቱም ይሠራል፣ 24.04 ፓይ 5ን ይደግፋል። ለጽሕፈት ቤት ግን የእኔ ምርጫ ራስበሪ ፓይ ኦኤስ ነው። ዴቢያን በሚባል ሌላ ሊኑክስ ላይ የተሠራ ነው፣ ቀላል ነው፣ ለማውረድም ከአንድ ጊጋ ብዙም አይርቅም። ባለ 64 ቢቱን፣ «ዊዝ ዴስክቶፕ» የሚለውን ውሰዱ። አንድ ጥንቃቄ፦ ፓይ 5 የምትቀበለው በዴቢያን 12 ወይም ከዚያ በኋላ በመጣው ላይ የተመሠረተውን ብቻ ነው። ወዳጅ ጋ ፍላሽ ላይ የቆየ አሮጌ ፋይል ካለ አትድከሙበት።

ሚሞሪው

ፓይ ሃርድ ዲስክ የላትም። ሁሉ ነገር የሚቀመጠው ስልክ ውስጥ በምንከተው ዓይነት ሚሞሪ ላይ ነው። 32 ጊጋ ይበቃል። ላዩ ላይ «ኤ1» ወይም «ኤ2» የሚል ጽሑፍ ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ትናንሽ ፋይሎችን ቶሎ ቶሎ ማንበብና መጻፍ ይችላል ማለት ነው።

ችግሩ ግን ፎርጅዱ ነው። እኔ መንገድ ዳር የገዛሁት «128 ጊጋ» ተብሎ ተጽፎበት ሲፈተሽ 16 እንኳ አልሞላም። የሚያናድደው ደግሞ ወዲያው አለመታወቁ ነው። ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ 128 ነኝ ይላል፤ ፋይልም ይቀበላል። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ግን አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፈዋል ወይም ይጥለዋል። ሊኑክስ ትጭናላችሁ፣ ይነሳል፣ ሁለት ሳምንት ይሠራል፣ ከዚያ የደንበኛ ውል ጠፋ ይባላል።

መፈተሻው ነጻ ነው። ዊንዶውስ ላይ «ኤች2ቴስትደብልዩ» የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች። ሊኑክስ ላይ «ኤፍ3» ይባላል። ሚሞሪውን ከዳር እስከ ዳር ሞልተው መልሰው ያነቡታል። ሰዓት ይፈጃል፤ ከሰካችሁት በኋላ ምሳችሁን በሉ። ሻጩ «ካልሠራ መልስ» የሚል ሰው ከሆነ ደግሞ በዚያው ቀን ፈትሹ፤ ነገ ፊቱ ሊለወጥ ይችላል።

ኃይሉ

ፓይ 5 የምትፈልገው 5 ቮልትና 5 አምፔር ነው። ለእሷ ተብሎ የተሠራው ቻርጀር 27 ዋት ይላል። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው አንድ ስህተት ይሠራል፤ «የእኔ የላፕቶፕ ቻርጀር 65 ዋት ነው፣ እንዲያውም ይበልጣል» ይላል። ያ 65 ዋት የሚገኘው ቮልቱ ወደ 20 ከፍ ሲል ነው። ፓይ ደግሞ ከ5 ቮልት በላይ አትጠይቅም። በ5 ቮልት ላይ አብዛኞቹ ቻርጀሮች የሚሰጡት 3 አምፔር ነው። የስልክ ፈጣን ቻርጀርም፣ ፓወር ባንክም እንዲሁ።

በ3 አምፔር አትነሳም ማለት አይደለም። ትነሳለች። ግን ቻርጀሩ 5 አምፔር እንደማይሰጥ ስክሪኑ ላይ ታስጠነቅቃለች፤ ለዩኤስቢ ቀዳዳዎቿ የምታካፍለውንም ከ1.6 አምፔር ወደ 0.6 ትቀንሰዋለች። ኪቦርድና ማውስ ይሠራሉ። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ሲሰካ ግን ይንተፋተፋል። እኔ ሁለተኛውን ቀን ሙሉ የበላሁት በዚህ ነው፤ ዲስኩ የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

ከመጫናችሁ በፊት ሰሌዳዋ ራሷ ጤነኛ መሆኗን ማየት ትችላላችሁ። ሚሞሪ ሳትከቱ ስክሪንና ቻርጀር ብቻ ሰኩ። ጤነኛ ከሆነች የራሷን መረጃ የሚዘረዝር ገጽ ታወጣለች። ከሰው እጅ ያገለገለ ስትገዙም ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ይቺን ሞክሩ።

ስክሪንን በተመለከተ፦ ቀዳዳዎቿ ትንንሾቹ ማይክሮ ኤችዲኤምአይ ናቸው። ሁለት ናቸው፤ ቻርጀሩ አጠገብ ካለው ጀምሩ። የአያ ስክሪን የድሮው ባለ ሰማያዊ ሶኬት ቪጂኤ ነበር። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር አዳፕተር ያስፈልጋል፤ ውስጡ ቺፕ ያለው መሆን አለበት። ገመድ ብቻ የሆነው አይሠራም።

መጻፍ

ዊንዶውስ የጫነ ሰው እዚህ ግር ይለዋል። ፍላሽ አዘጋጅቶ፣ ከፍላሹ አስነስቶ፣ «ኔክስት» «ኔክስት» እያሉ መሄድ የለም። የምታወርዱት ፋይል ተጭኖ ያለቀ ሲስተም ነው። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሆናችሁ ሚሞሪው ላይ ትገለብጡታላችሁ፣ ከዚያ ፓይ ውስጥ ትከቱታላችሁ። በቃ።

መገልበጫው ራስበሪ ፓይ ኢሜጀር ይባላል። ዊንዶውስ ላይም ይጫናል። ስትከፍቱት ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ የትኛዋ ሰሌዳ፣ የትኛው ሲስተም፣ የትኛው ሚሞሪ። ሲስተሙን ራሱ ከኢንተርኔት ያወርዳል። ኔትወርክ ከደከመ ግን ጥሩ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ አንድ ጊዜ አውርዳችሁ በፍላሽ አምጡትና «ዩዝ ከስተም» በሚለው አስገቡት። ኮምቦልቻ ያለ ጓደኛዬ ያወረደውን ሦስት ሰው ተጠቅሞበታል። በፍላሽ የዞረ ፋይል ከሆነ ግን ማውረጃ ገጹ ላይ ካለው «ሻ256» ከሚባለው ረጅም ቁጥር ጋር አመሳክሩት። በግማሽ የተገለበጠ ፋይል ብዙ ያንከራትታል።

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ቀስ በሉ። ሌላ ፍላሽ ተሰክቶ ከሆነ ንቀሉት። የመረጣችሁት ነገር ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል።

ቀጥሎ ማስተካከያ ገጽ ይመጣል። ይቺን አትዝለሉ። የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል እዚህ ስጡ፤ የድሮው «ፓይ» የሚለው የተለመደ ስም ከ2022 ጀምሮ የለም። ስሙ በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ይሁን። የዋይፋይ ስምና ቃል፣ አገር «ኢቲ»፣ የሰዓት ክልል «አፍሪካ/አዲስ አበባ» አድርጉ። ኪቦርዱን ደግሞ «ዩኤስ» አድርጉት። ካልነካችሁት የእንግሊዝ ኪቦርድ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ላይ የኢሜይሏ «አት» ምልክትና ጥቅሱ ቦታ ተለዋውጠዋል። የይለፍ ቃላችሁ ውስጥ ያቺ ምልክት ካለች «ቃሉ ልክ አይደለም» እያለች ታስለቅሳችኋለች። ቃሉ ልክ ነው። ኪቦርዱ ነው ሌላ።

ከዚያ «ራይት» በሉና ጠብቁ። ጽፎ ሲጨርስ መልሶ ያነባል፤ ያንን ማረጋገጫ አታቋርጡት።

መጨረሻ ላይ ወይም ሚሞሪውን እንደገና ስትሰኩት ዊንዶውስ «ይህ ዲስክ ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። እምቢ በሉ! ዊንዶውስ የሊኑክስን ክፍል ማንበብ ስለማይችል ባዶ መስሎት ነው። እሺ ካላችሁት የለፋችሁበትን ሁሉ ያጠፋዋል።

የመጀመሪያው መነሳት

ሚሞሪውን ከታች በኩል ክተቱ፣ ስክሪኑን ሰኩ፣ ኪቦርዱን ሰኩ፣ ቻርጀሩን መጨረሻ ላይ። አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ ማለት አለበት። ሲስተሙ ሚሞሪውን ሙሉ ለመጠቀም ራሱን ይለጥጣል፣ አንዴ ጠፍቶ ሊነሳም ይችላል። በዚህ ሰዓት ገመድ አይነካም።

ዴስክቶፑ ሲመጣ ተርሚናሉን (ትእዛዝ የሚተየብበትን መስኮት) ክፈቱ። ትእዛዞቹን እዚህ በእኛ ፊደል የማስቀምጠው እንዴት እንደሚነበቡ ለማሳየት ነው፤ ስትተይቡ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። መጀመሪያ «ዩኔም» ብላችሁ፣ ክፍተት፣ ሰረዝ፣ «ኤም»። መልሱ «አርች64» ከሆነ ትክክለኛው መኪና ላይ ናችሁ። ቀጥሎ ሲስተሙን ለማደስ «ሱዶ አፕት አፕዴት»፣ ከዚያ «ሱዶ አፕት ፉል-አፕግሬድ»። ሁለተኛው ብዙ ዳታ ሊበላ ስለሚችል በፓኬጅ ለምትጠቀሙ ለሌሊት አቆዩት።

ቻርጀራችሁን የምትፈትሹበትም ትእዛዝ አለ፦ «ቪሲጄንሲኤምዲ» ከዚያ «ጌት ትሮትልድ»፣ ሁለቱ የመጨረሻ ቃላት በታች ሰረዝ የተያያዙ። መልሱ መጨረሻ ላይ «0ኤክስ0» ካለ ደህና ነው። ሌላ ቁጥር ከመጣ ቮልቱ ወርዶ ወይም ሰሌዳዋ ግላ ያውቃል ማለት ነው።

ሙቀት ካነሳን፦ ፓይ 5 80 ዲግሪ ስትደርስ ፍጥነቷን መቀነስ ትጀምራለች። ደሴ ብርድ ነው፣ ምን ችግር አለ ትሉ ይሆናል። ብርዱ ይረዳል፤ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ያንሳል። ኮምቦልቻ ደግሞ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ሞቅ ትላለች። ሁለቱም ጋ ማራገቢያዋን ግዙላት። ዝግ ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አትቀብሯት።

አማርኛው

አያ ያፈጠጡብኝ እዚህ ላይ ነው። «ልጄ፣ ፓወር ግዕዙስ?»

ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፤ እዚህ አይጫንም። ነገር ግን አያስፈልግም። አማርኛ ለመተየብ «አይባስ» እና «አይባስ ኤም17ኤን» የሚባሉትን ጥቅሎች በዚያው ተርሚናል፣ በአፕት (ፕሮግራም በሚጭነው ትእዛዝ) ጫኑ። ከአይባስ ማስተካከያ አማርኛ የሚለውን ፈልጉና «ሴራ» የሚለውን ጨምሩ። አጻጻፉ በድምፅ ነው፤ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ስትነኩ «ሰላም» ይላል። በፓወር ግዕዝ የለመደ እጅ ሁለት ሦስት ቀን ይወላከፋል፣ ከዚያ ይለምዳል። አያ በሦስተኛው ቀን የአቤቱታ ጽሑፍ ከእኔ ቀድመው ጨረሱ።

አይባስ ተጭኖ ፊደሉ ካልወጣ፣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የስክሪን አሠራሩ ነው። «ራስፒ-ኮንፊግ» የሚባለው የሰሌዳዋ ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ «አድቫንስድ» ከሚለው ሥር ዌይላንድን ወደ «ኤክስ11» ቀይሩትና አስነሱት።

የፊደል ቅርጹ ሌላ ጉዳይ ነው። «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» እና «አቢሲኒካ ኤስአይኤል» በነጻ ይገኛሉ፣ ሁለቱንም ጫኑ። ደንበኛ በፍላሽ ያመጣው ዶክመንት በ«ኒያላ» የተጻፈ ከሆነ ጽሑፉ ይነበባል፤ መስመሩ ግን ይንሸራተታል፣ ሁለት ገጹ ሦስት ሊሆን ይችላል። ከማተማችሁ በፊት ገጹን እዩ። የድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ግን ይለያል። እሱ ዩኒኮድ (ሁሉም ኮምፒውተር የሚጋራው የፊደላት መለያ) ከመለመዱ በፊት የነበረ አሠራር ነው፤ የራሱ ፎንት ከሌለ የሚታየው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ነው። ፋይሉ አልተበላሸም። ፎንቱን ስታገኙለት ይመለሳል።

ለጽሕፈቱ ሊብሬኦፊስ ጫኑ። ለኢንተርኔት ክሮሚየምና ፋየርፎክስ አሉ። ፕሪንተር ከመግዛታችሁ በፊት ግን ጠይቁ፤ አንዳንዶቹ ድራይቨራቸው ለኢንቴል ብቻ የተሠራ ነው። ካርቶኑ ላይ «ኤርፕሪንት» የሚል ካለ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ድራይቨር ይሠራል።

መብራት ሲሄድ

መብራት ድንገት ሲጠፋ ሚሞሪው እየተጻፈበት ከሆነ ሲስተሙ ሊበላሽ ይችላል። ፓይ የምትፈጀው ሥራ ሲበዛባት እንኳ ጥቂት ዋት ስለሆነ ትንሽ ዩፒኤስ ጥሩ ያቆያታል፤ የሚበላው ስክሪኑ ነው። ገንዘቡ ካለ ሰሌዳዋንና ስክሪኑን ብቻ ዩፒኤስ ላይ ሰኩ። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ እዚያው ዲቫይደር ላይ እንዳይገባ፣ ወዲያው ያወርደዋል።

ሊብሬኦፊስ በየ10 ደቂቃው ነው ማስታወሻ የሚይዘው። «ቱልስ»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ሎድ/ሴቭ»፣ «ጀነራል» ውስጥ ገብታችሁ 2 አድርጉት።

ሰዓቱም አለ። ፓይ 5 ሰዓት ቆጣሪ አላት፤ ባትሪው ግን ለብቻው ነው የሚሸጠው። ከሌለ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኢንተርኔት እስክታገኝ ሰዓቱ ወደኋላ ይቀራል። ያኔ ድረ ገጾች «አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አንከፈትም ይላሉ። ቫይረስ አይደለም፣ ቀኑን አስተካክሉ። ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ 8 ይላል።

ሥራው ሲጠናና ገንዘብ ሲገኝ ከሚሞሪ ወደ ኤንቪኤምኢ ዲስክ መሻገር ይቻላል። ዲስኩን የሚሸከም ተጨማሪ ሰሌዳ ይገዛል፣ «ኤስዲ ካርድ ኮፒየር» በሚለው ፕሮግራም ይገለበጣል፣ በራስፒ-ኮንፊግ ውስጥ «ቡት ኦርደር» ወደ ኤንቪኤምኢ ይቀየራል። ፍጥነቱ የትየለሌ ነው።

እስከዚያው ግን በዚያው ኮፒየር፣ በዩኤስቢ ካርድ ሪደር፣ ሁለተኛ ሚሞሪ ላይ ሙሉውን ገልብጡ። አማርኛው ከተስተካከለ፣ ፕሪንተሩ ከታወቀ በኋላ ነው የምትገለብጡት፣ ቀድማችሁ አይደለም። አንድ ጠዋት አልነሳም ካለች የድሮውን አውጥቶ ቅጂውን መክተት ነው፤ ደንበኛ ሳይነሳ ሥራ ይቀጥላል። የአያ ቅጂ ማኅተማቸውን የሚያስቀምጡባት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ቀኑ በእስክሪብቶ ተጽፎበት አለ።